አሥራ አራቱን ከማመሳሰልሽ በፊት

ልጄ፣

እሑድ ዕለት ቡናው ቶና ላይ ሳለ ስልክሽን አውጥተሽ ያሳየሽኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። 14 የድረ ገጽ ፕሮጀክት እጅሽ ገብቷል። በሁሉም ውስጥ ያው የታወቁት የቅንብር ፋይሎች አሉ፣ እኛ በሥራ ቋንቋ ኮንፊግ የምንላቸው። አንድ ዓይነት መሆን ሲገባቸው አንዱ በሁለት ስፔስ ገባ ይላል፣ ሌላው በአራት። አንዱ ኖድ 18 ላይ ቆሟል፣ ሌላው 22 ደርሷል። አንዱ ጋ ኮድ ፈታሹ ኢኤስሊንት እንደ ግቢ ዘበኛ አላፊ አግዳሚውን ያስቆማል፣ ሌላው ጋ ከተጫነ ጀምሮ አንድም ቀን ሮጦ አያውቅም። «ጋሼ፣ አንድ ስክሪፕት እጽፍና በአንድ ሌሊት አንድ አደርጋቸዋለሁ» አልሽኝ። እናትሽ ፊት ልከራከርሽ አልፈለግሁም፤ ደግሞም ቡና ላይ ስለ ኮንፊግ ማውራት ነውር ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ይኸው።

ስክሪፕቱን አትጻፊው እያልኩ አይደለም። ሳትጽፊው ብትቀሪ ነው የምቀየምሽ፤ 14 ቦታ እየዞሩ አንዲት መስመር በእጅ መቀየር የሰው ሥራ አይደለም። የፈራሁት «በአንድ ሌሊት» ያልሽውን ነው። ያንኑ ስክሪፕት ከአንቺ በፊት እኔ ጽፌዋለሁና።

ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ዘጠኝ ፕሮጀክት የያዘ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የሰው ሁሉ ልቡ ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄዷል። 60 መስመር የማትሞላ የሼል ስክሪፕት ጻፍኩ። በየፕሮጀክቱ ፎልደር ትገባለች፣ የድሮውን ኢዲተርኮንፊግ፣ የአጻጻፍ ደንብ ፋይሉን፣ አጥፍታ የእኔን ታስቀምጣለች፣ በየመስመሩ ጫፍ የተንጠለጠለውን ትርፍ ስፔስ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ኮሚት አድርጋ በቀጥታ ወደ ዋናው ብራንች ፑሽ ታደርጋለች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት የአንድ ደንበኛችን ሠራተኞች ደመወዝ አልገባም። ከዘጠኙ ፕሮጀክቶች አንዱ ለባንክ የደመወዝ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ነበር። ባንኩ የሚቀበለው ፋይል የጥንት ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ርዝመቱ የተወሰነ፣ ለስም ይህን ያህል ቦታ፣ ለሒሳብ ቁጥር ይህን ያህል፣ የተረፈውን በስፔስ ሙላ የሚል። የፋይሉ መነሻ ቅጽ መስመሮቹ የሚያልቁት በስፔስ ነበር፣ ያ ስፔስ ደግሞ ይቆጠራል። ስክሪፕቴ ቆሻሻ መስሏት ጠረገችው። መስመሩ አጠረ፣ ባንኩ ፋይሉን መለሰው፣ የቤት ኪራይ ቀኑ የደረሰበት ሰው ሁሉ ይደውል ጀመር።

ያን ፕሮግራም የጻፈው ልጅ ግን ቀድሞ አስቦበት ኖሯል። በድሮው ኢዲተርኮንፊግ ውስጥ በዚያ ፎልደር የመስመር ጫፍ እንዳይነካ የምታዝ አንዲት ትንሽ ክፍል አስቀምጦ ነው የሄደው። እኔ መጀመሪያ ያጠፋሁት እሷን ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አጭር ነው፤ ስክሪፕት ውሳኔ ታድርስ እንጂ አትወስን። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ የዚያ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ፣ ገና አንድ መስመር ሳትጽፊ፣ 14ቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ልዩነታቸውን አንብቢ። ሁለት ቀን ይወስድብሻል፣ ያሰለቻል፣ አለቃሽም ምን ስትሠሪ ዋልሽ ቢልሽ የምታሳዪው አይኖርሽም። ቢሆንም አንብቢው። አብዛኛው ልዩነት መርሳት ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ አንዱ ጋ ተስተካክሎ ሌላው ጋ ሳይስተካከል የቀረ። እሱን ያለ ርኅራኄ አንድ አድርጊው። አንዳንዱ እርጅና ነው። ኖድ 18 ላይ የቆመው ፕሮጀክት አዲሱን የማይወድ ላይብረሪ ተሸክሞ ይሆናል። ኖድ 18 እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 መጨረሻ ወዲህ የደኅንነት ጥገና ስለማያገኝ እዚያው መኖር አይችልም፤ ነገር ግን ቁጥሩን ከጎረቤት ፕሮጀክት በመገልበጥ አይሻሻልም፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና ቀን ይቆረጥለት። የቀረው፣ እጅግ ጥቂቱ፣ ምክንያት ያለው ልዩነት ነው። ደመወዝ የሚያስቀረው ያ ጥቂቱ ነው። እንግዳ መስመር ባየሽ ቁጥር በጊት ብሌም ማን እንደጻፋት እዪና ጠይቂው። ድርጅቱን ለቆ ካናዳ ቢገባም ቴሌግራም አለ።

ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነገር እንዲህ መለያየቱ አይግረምሽ። አያትሽ ለጎረቤት እርሾ ስትሰጥ አይተሻል። በወሩ የሁለቱ ቤት እንጀራ አንድ አይሆንም፤ ዱቄቱ ሌላ፣ ውሃው ሌላ፣ ምጣዱ ሌላ። አዲስ ፕሮጀክት ሲጀመር ከድሮው ኮፒ የሚደረግ ኮንፊግ ዕጣው ይኸው ነው። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2019 ያመጣው የቴምፕሌት ሪፖዚተሪም ቢሆን እርሾ ከመስጠት አያልፍም፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ ቴምፕሌቱ ቢሻሻል ልጁ አይሰማም። ብዙ ሰው ቴምፕሌት አዘጋጅቶ ችግሩን የፈታ ይመስለዋል። የፈታው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ኮንፊግ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሌላ ቦታ ያለውን መጠቆም የሚችል አለ፣ የግድ እዚያው በአካል መገኘት ያለበት አለ። መሣሪያ ከመምረጥሽ በፊት እነዚህን ለዪያቸው።

የታይፕስክሪፕቱ ቲኤስኮንፊግ ኤክስቴንድስ የምትባል ቁልፍ አለችው፤ የጋራውን ፋይል ትጠቁሚና የራስሽን ጥቂት መስመር ከሥሩ ትጨምሪያለሽ። ከሥሪት 5.0፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከማርች 2023 ወዲህ፣ ከአንድ በላይም መጠቆም ይቻላል። ኢኤስሊንት ደንቦቹን ከፓኬጅ ያስመጣል። የኮድ አቀማመጥ አስተካካዩ ፕሪቲየርም ጠቋሚ ይቀበላል፤ ግን በፓኬጅ ጄሰን ውስጥ የጋራውን ስም ብቻ ከጠቀስሽ አንዲት ነገር ልጨምር ብትዪ መንገድ የለም፣ የጃቫስክሪፕት ፋይል ከፍተሽ ከዚያ አስመጥተሽ ማስፋት አለብሽ። ለእነዚህ ሁሉ መላው አንድ የግል ፓኬጅ ነው። ደንቡ እዚያ ይቀመጣል፣ በየፕሮጀክቱ ሁለት ሦስት መስመር ጠቋሚ ብቻ ይቀራል።

ኢዲተርኮንፊግ፣ ጊትአትሪቢዩትስ፣ ጊትኢግኖር፣ የኖድ ሥሪት የምትጻፍባት ትንሿ ፋይል ግን ወደ ፓኬጅ መጠቆም አያውቁም። ኢዲተርኮንፊግ ወደ ወላጅ ፎልደር እየወጣ ይፈልጋል፣ የመጨረሻው ሥር እዚህ ነው የምትል መስመር እስኪያገኝ ድረስ፤ ያ የሚጠቅመው ግን ሁሉም ፕሮጀክት በአንድ ሪፖ ውስጥ ሲኖር ነው። የአንቺዎቹ የተለያዩ ደንበኞች ፕሮጀክቶች ናቸውና አንድ ሪፖ ውስጥ ማጎር አይሆንም። እነዚህ በስክሪፕት ተገልብጠው በየቤቱ መቀመጥ አለባቸው።

«ታዲያ የሚጠቁሙትን በፓኬጅ ካደረግሁ ግማሹ አለቀ» እንዳትዪ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የኢኤስሊንት ሥሪት 9 ሲወጣ የድሮው የኮንፊግ አጻጻፍ ጡረታ ወጣ፤ አዲሱ የፋይሉ ስምም መልኩም ሌላ ሆነ። ደንባቸውን በአንድ ፓኬጅ የሰበሰቡ ሰዎች ደንቡን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉት፣ ይኼ ትልቅ እረፍት ነው። ያቺ ሦስት መስመር ጠቋሚ ግን በየፕሮጀክቱ ስሟም አካሏም መቀየር ነበረበት። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉሻል፣ ፓኬጁም ተሸካሚዋ ስክሪፕትም።

ስለ ስክሪፕቷ ጠባይ ትንሽ ልቆይ፣ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነውና። ወደ ዋናው ብራንች በፍጹም ፑሽ አታድርግ፤ በየፕሮጀክቱ ፑል ሪኩዌስት ትክፈትና ሰው አይቶ ይቀበላት። ሳትነካ ምን ልትነካ እንደሆነ የምታሳይበት መንገድ ይኑራት። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስትሮጥ በሁለተኛው ምንም ለውጥ ልታገኝ አይገባም፤ ካገኘች ከራሷ ጋር እየተቃረነች ነውና አስተካክያት። የምታስቀምጠው ፋይል አናት ላይ «ይህ ከጋራው ሪፖ የሚመጣ ነው፣ እዚህ ብትለውጡት በሚቀጥለው ዙር ይጠፋል» ብላ ትጻፍ። መደበኛ ጄሰን አስተያየት አይቀበልም፤ ቲኤስኮንፊግ ግን ይቀበላል፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ኮሚት በተደረገ ቁጥር ኮንፊጉን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ሥርዓትም አይተሻል። አትሞክሪው። ኔት በሄደ ቁጥር ሥራ የሚያቆም ነገር ለእኛ ከተማ አልተፈጠረም፤ ቅጂው ሪፖው ውስጥ ይቀመጥ።

ባለቤትነታቸው የተደባለቀ ፋይሎች ደግሞ አሉ። ጊትኢግኖር ግማሹ የጋራ ነው፣ ግማሹ የፕሮጀክቱ። እሱን በጅምላ መተካት የሰው ጓዳ ገብቶ ዕቃ እንደ ማውጣት ነው። በሁለት ምልክት መስመሮች መካከል ያለውን ብቻ የእኔ ነው ብላ ትያዝ፣ ከዚያ ውጪ ያለውን አትይ። በፓኬጅ ጄሰን ውስጥም ተለይተው የተሰጧትን ቁልፎች ብቻ ትንካ።

አሁን ዋናው። በየፕሮጀክቱ አንዲት የልዩነት ፋይል ይኑር። ይህ ፕሮጀክት ከጋራው ደንብ በዚህ በዚህ ይለያል፣ ምክንያቱም ይህ ነው፣ ብላ የምትናገር። ስክሪፕቷ ከማንኛውም ነገር በፊት እሷን ታንብብ። ምክንያት ያልተጻፈበት ልዩነት ካጋጠማት ትቁምና ትጠይቅ፣ ዝም ብላ አትለፍ፣ ዝም ብላም አትጥረግ። እኔ ያንን የባንክ ፕሮጀክት መልሼ ሳስተካክል ከዚያች የኢዲተርኮንፊግ ክፍል በላይ አንድ መስመር አስተያየት ጻፍኩ፣ «ይህ ስፔስ ደመወዝ ነው» የምትል። ከእኔ በኋላ የመጣ ሁሉ ይስቃል፣ ግን ማንም አልነካትም።

የቀጣይ ውህደቱን ሥራ፣ ሲአይ የምትዪውን፣ ጊትሃብ ላይ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2021 ወዲህ ከሌላ ሪፖ መጥራት ይቻላል። ደስ ይላል። ግን የጋራውን በዋናው ብራንች ስም ከጠራሽው አንድ ቀን የምትሠሪያት ስሕተት በዚያው ደቂቃ 14ቱንም ትጥላለች። በተወሰነ ታግ ወይም ኮሚት ጥሪው። በነገራችን ላይ፣ ያምል ውስጥ የሥሪት ቁጥር ስትጽፊ ጥቅስ ውስጥ አስገቢው፤ 3.10 ብለሽ ያለ ጥቅስ ብትጽፊ 3.1 ብሎ ያነበዋል። በዚህች ዜሮ ግማሽ ቀን የጠፋበት ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን ግን አልነግርሽም።

የጋራ ፓኬጁ አዲስ ሥሪት ሲወጣ ሬኖቬት ወይም ዲፔንዳቦት የሚባለው ቦት በየፕሮጀክቱ ፑል ሪኩዌስት ይከፍትልሻል፤ ያን ክፍል ራስሽ አትጻፊው። አንድ ነገር ግን አስቢ። አዲስ ደንብ መጨመር ላንቺ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ትናንት ያልፍ የነበረው የሌላው ሰው ኮድ ግን ዛሬ ይወድቃል። ስለዚህ የሥሪቱ የመጀመሪያ ቁጥር ይቀየር። ደንቡም መጀመሪያ በማስጠንቀቂያ ይግባ፣ ሰው ሲለምደው ስሕተት ይሁን።

እዚህ ላይ የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ሰዎች ኮንፊግ ሲባል ጉዳት የሌለው ወረቀት ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 የኢኤስሊንት አንድ ጠባቂ በሌላ ቦታም የሚጠቀምበት የይለፍ ቃል ተገኘበት፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም አልነበረውም። ሌባው ሁለት ፓኬጅ መርዝ ጨምሮ አወጣ፤ ከሁለቱ አንዱ የኢኤስሊንት ኮንፊግ ፓኬጅ ነበር። መርዙ ገንቢዎች ለይፋው የፓኬጅ መዝገብ፣ ለኤንፒኤም፣ ያላቸውን ቁልፍ የሚሰርቅ ነው። በጁላይ 2025 ደግሞ ኢኤስሊንትንና ፕሪቲየርን የሚያስታርቀው ስመ ጥር የኮንፊግ ፓኬጅ ተመታ፤ ጠባቂው ከኤንፒኤም የመጣ በሚመስል የሐሰት ኢሜይል ተታልሎ። ያ ኮድ በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ገና ሲጫን የሚሮጥ ነበር። ኮንፊግ ኮድ ነው፣ በሥራ ባልደረቦችሽ ማሽን ላይ ይሮጣል። የጋራ ፓኬጅሽን የምታወጪበት መለያ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው፣ የሎክ ፋይሉ ኮሚት ይደረግ፣ የኮንፊግ ለውጥም ትንሽ ነው ተብሎ ሰው ሳያየው በራሱ አይዋሐድ። የፓኬጁንም ስም በድርጅቱ ስም ሥር አስመዝግቢው። አሌክስ ቢርሳን የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ እንዳደረገው፣ አፕልንና ማይክሮሶፍትን በመሰሉ ኩባንያዎች ውስጥ ብቻ የሚታወቁ የፓኬጅ ስሞችን በይፋው መዝገብ ላይ አውጥቶ ኮዱን ውስጣቸው አስሮጧል። ለእነሱ ያልቀረ ለእኛ አይቀርም።

የምትጽፊያቸውን ደንቦች ምንነት ለአንቺው እተወዋለሁ። ስፔስ ሁለት ይሁን አራት ግድ የለኝም፤ ፕሪቲየር እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ሲወጣ ትልቁ ውለታው ይህን ክርክር መዝጋቱ ነበር። ሁለት መስመር ግን እለምንሻለሁ። አንደኛዋ ፋይል ሁሉ በዩቲኤፍ ስምንት ይቀመጥ የምትለው ናት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩቲኤፍ ስምንት እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። አንድ ሰው ፋይሉን በድሮው የዊንዶውስ አጻጻፍ ካስቀመጠው አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ አንዴ ከሆነ ደግሞ አይመለስም። የምግብ ዝርዝሩ በሙሉ የጥያቄ ምልክት የሆነበት የምግብ ቤት ገጽ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዋጋው ብቻ ነበር የቀረው። ሁለተኛዋ የመስመር አጨራረስን በጊትአትሪቢዩትስ አንድ የምታደርገው ናት። ግማሻችሁ ዊንዶውስ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው፤ በማይታይ አንድ ምልክት ስክሪፕት አልሮጥ ይላል፣ ሰውም ኮዱን ሲመረምር ያመሻል።

ኮዱን በጅምላ የሚያስተካክለው ኮሚት ከሌላ ሥራ ጋር አይደባለቅ፣ ብቻውን ይሁን። መለያውንም በብሌም ከሚታለፉት ዝርዝር ውስጥ ጻፊው፤ ጊት ከሥሪት 2.23 ጀምሮ ይህን ይቀበላል። አለዚያ የእያንዳንዱ መስመር ጸሐፊ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ከዓመት በኋላ አንድ ሰው ያቺን እንግዳ መስመር ማን እንደጻፋት ሲፈልግ አንቺን ነው የሚያገኘው። አንቺ ደግሞ ምንም አታውቂም።

ሰዎቹንም አትርሺ። ከ14ቱ ውስጥ አንዳንዶቹን የያዙት አንቺ ፊደል ስትቆጥሪ ኮድ ይጽፉ የነበሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ወሬ ከቦት በመጣ ፑል ሪኩዌስት አይስሙት። ጠረጴዛቸው ድረስ ሂጂ፣ በአንቱታ አነጋግሪያቸው፣ «ይቺን መስመር ለምን እንዳስቀመጧት ቢነግሩኝ» በያቸው። አንዳንዱ ያጉረመርማል። አንዳንዱ በምድር ላይ የሚያውቀው እሱ ብቻ የሆነ ነገር ይነግርሻል።

አንዱን ፕሮጀክት፣ ቢወድቅ ማንም የማያለቅስበትን፣ አስቀድሚ። ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የቀሩት። የክፍያና የደመወዝ ነገር ያለበትን ከሁሉ ኋላ አድርጊው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አርብ ከሰዓት ደግሞ ምንም ነገር አትንኪ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። የልዩነቱን ዝርዝር በወረቀት አትመሽ ይዘሽልኝ ነዪ፤ ዓይኔ ስክሪን እያስቸገረኝ ነው። ስክሪፕቱን ከጻፍሽውም ቤት ተዪው።